ባሕር መሻገር ነውር የነበረበት የሂንዱ እምነት በባሕር ማዶ እንዴት መቅደስ ተከለ?

አዋሽ ማዶ፦
ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። የምኖረው በሰሜን ምዕራብ ለንደን ነው። ኒስደን በሚባለው ሰፈር፣ በመጋዘንና በትልልቅ መደብሮች መሀል፣ ሙሉ በሙሉ በነጭ ድንጋይ የተሠራ የሂንዱ መቅደስ አለ። የተመረቀው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1995 ነው። ድንጋዩ የተገዛው ከቡልጋሪያና ከኢጣልያ ሲሆን በመርከብ ወደ ሕንድ ተወስዶ ከ1,500 በሚበልጡ ጠራቢዎች ተቀረጸ፤ ከዚያ 26,300 ቁራጭ ሆኖ ለንደን ተመለሰና ተገጣጠመ። የአውሮፓን ድንጋይ ሕንድ ድረስ ልኮ አስጠርቦ እንደገና ወደ አውሮፓ ማምጣት ምን ዓይነት ሂሳብ ነው ብዬ ነው ንባብ ውስጥ የገባሁት።

ንባቡ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አስከተለብኝ። በቀደመው የብራህማኖች፣ ማለትም የካህናቱ የዘር መደብ፣ ሥርዓት ባሕር የተሻገረ ሰው ረክሷል ተብሎ ከወገኑ ይለይ ነበር፤ ከጋንጅስ ወንዝ ይርቃል፣ መርከብ ላይም ከማንም ጋር ተቀላቅሎ ይበላልና። እንዲህ ከአገር አፈርና ከአገር ውኃ ጋር የተሳሰረ እምነት ዛሬ ከፊጂ እስከ ጉያና፣ ከደርባን እስከ ቶሮንቶ መቅደስ አለው። ወንዙን ምን አደረጉት? ካህኑንስ? የዘር መደቡንስ? የምታውቁ ጻፉ። የማን ሃይማኖት ትክክል ነው የሚለው ክርክር ግን እዚህ አይከፈት፤ ለእርሱ ሌላ ቦታ ሞልቷል።

መርከበኛው፦
በዕቃ ጫኝ መርከብ ካሪቢያን ብዙ ተመላልሻለሁና ከዚያው ልጀምር። ብዙዎቹ ሃይማኖታቸውን ይዘው ለመስፋፋት የወጡ ሰዎች አይደሉም፤ ረሃብና ደላላ ያወጣቸው ናቸው። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ባርነት እ.ኤ.አ. በ1834 ሲቀር የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ወደ ሕንድ ዞሩ። ሰዎቹ የአምስት ዓመት ውል እየተፈራረሙ፣ አብዛኞቹም ማንበብ ስለማይችሉ በአውራ ጣታቸው እያተሙ፣ ከካልካታና ከማድራስ ወደቦች ተጫኑ። ሞሪሸስ ቀዳሚዋ ናት፤ በ1838 ጉያና፣ በ1845 ትሪኒዳድ፣ በ1860 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለችው ናታል፣ በ1873 ሱሪናም፣ በ1879 ፊጂ ተከተሉ። ሥርዓቱ በ1917 እስኪቆም ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተጓጉዟል።

አዋሽ ማዶ፣ ያልከው መርከስ በእርግጥ ያስፈራቸው ነበር። ነገር ግን ወደ ካሪቢያን የሚወስደው ጉዞ ወራት ይፈጃል፤ ብራህማኑም ቆዳ ፋቂውም ከአንድ ድስት በላ። ወደብ ሲደርሱ መዝጋቢው የጻፈው ስም፣ ዕድሜ፣ መደብና የመጡበትን መንደር ነው፤ መደቡን የሚያረጋግጥ የአገር ሽማግሌ ከየት ይምጣ? አንዳንዱ መርከብ ላይ እንደወጣ መደቡን ከፍ አድርጎ ያስመዘገበ እንደነበር ይነገራል። አብረው የተሳፈሩት እንደ ወንድማማች ስለሚተያዩ ልጆቻቸው እንዳይጋቡ እስከመከልከል ደርሰዋል። እንግዲህ የሚለየው ወገን ራሱ አብሮ ከተሻገረ ማን ማንን ይለያል?

በትሪኒዳድ ሃይማኖታቸውን በአዋጅ የከለከለ አልነበረም፤ ሕግ ፊት ግን ዋጋ አልነበረውም። በሂንዱ ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ ሕጋዊ የሆነው በ1945 በወጣ ድንጋጌ ነው። የመጀመሪያዋ መርከብ ፋትል ራዛክ ሜይ 30 ቀን 1845 ከደረሰች ድፍን 100 ዓመት ማለት ነው። በመሀሉ የተወለዱ ልጆች በመዝገብ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ነበሩ፤ ውርስ ሲነሣ ጣጣው ይመጣል።

ስለ መቅደስ ከተነሣ ደግሞ በምዕራቡ ጠረፍ ዋተርሉ በምትባል መንደር ያለውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሲውዳስ ሳዱ የሚባል የሸንኮራ እርሻ ሠራተኛ በ1947 በባሕሩ ዳር ትንሽ መቅደስ ሠራ። መሬቱ የስኳር ኩባንያው ስለነበር አፍርስ ተባለ፤ እምቢ ሲል ታሰረ፤ መቅደሱም በ1952 ፈረሰ። ሰውየው ከእስር ሲወጣ ነገሩን አሰላሰለና ባሕሩ የኩባንያው አይደለም አለ። በብስክሌቱ እጀታ ላይ ባልዲ አንጠልጥሎ ድንጋይ፣ አሸዋና ሲሚንቶ እያጓጓዘ፣ ውኃው ሲሸሽ በርሜሎችን እየደረደረ ኮንክሪት እየሞላ፣ ወደ ባሕሩ ውስጥ መንገድ ሠርቶ በጫፉ ላይ መቅደሱን ተከለ። እስኪሞት ድረስ ሥራውን አልተወም። ማዕበል እየቦረቦረው ከቆየ በኋላ፣ ሕንዳውያን የገቡበት 150ኛ ዓመት በ1995 ሲከበር በመንግሥት ድጋፍ እንደገና ተሠራ። ዛሬ በቀጭን የኮንክሪት መንገድ እየተሄደ ይገባል፤ ውኃው ሲሞላ ግራና ቀኝ ባሕር ነው፣ ሲጎድል ጭቃ ነው። መንገዱ መግቢያ ላይ የሰውየው ሐውልት ቆሟል።

የጉለሌ ልጅ፦
መርከበኛው፣ ጥሩ ጽፈሃል፤ ግን ታሪኩን ሁሉ ከሸንኮራ ጋር አታስረው። ባሕር አያሻግርም የሚለው ክልከላ የመጽሐፍ ሰዎች ክልከላ ነው፤ ነጋዴው መች ሰማው? የጉጃራትና የሲንድ ነጋዴዎች ከእንግሊዝ ውል በፊት ብዙ ዘመን በአረቢያና በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነበሩ። ምጽዋን የጎበኙ የ19ኛው መቶ ዓመት መንገደኞች ባንያን የሚባሉትን የሕንድ ነጋዴዎች ሳይጠቅሱ አያልፉም፤ ጨርቁ፣ ዕንቁው፣ ብድሩ በእነርሱ እጅ ነበር። ሥጋ አይቀምሱም፤ ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን አገራቸው ትተው ይመጣሉ፤ ሲመለሱ የመንጻት ሥርዓት ፈጽመው፣ ለካህኑም የሚገባውን ከፍለው ወደ ወገናቸው ይቀላቀላሉ። ክልከላው በር ነበረው፤ በሩ ደግሞ በገንዘብ ይከፈታል። ባሕሬን ማናማ ገበያ ውስጥ ያለው የክሪሽና መቅደስ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያን ጊዜ የትሪኒዳድ መርከብ ገና አልተነሣችም።

ወለተ ሥላሴ፦
እኔ መጽሐፍ አላነበብሁም፤ ዱባይ ውስጥ ከአንዲት ሕንዳዊት እመቤት ቤት ብዙ ጊዜ ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ለእነርሱ መጀመሪያ መቅደሱ ቤት ውስጥ ነው። ከማድ ቤቱ አጠገብ ቁም ሣጥን የመሰለ ትንሽ መቅደስ አለ፤ ውስጡ የአማልክታቸው የላክሽሚና የጋኔሽ ምስል፣ የናስ ፋኖስ፣ ደወል፣ ቀይ ዱቄት የተቀመጠበት ሳህን። እመቤቴ ገላዋን ሳትታጠብ አትነካውም። ጥጥ በመዳፏ ፈትላ በተነጠረ ቅቤ ትነክርና ታበራለች፤ ደወሉን እየመታች መብራቱን በምስሉ ፊት ታዞራለች፤ ከዚያ እጇን በነበልባሉ ላይ አሳልፋ ዓይኗን ትዳብሳለች። ሁሉም ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ወዲያው ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ባንክ ሥራዋ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ወጥ መቅመስ ነው። ለአምላክ የሚቀርበው ምግብ አስቀድሞ አይቀመስም፤ ጨው በግምት ነው። ከጨረቃዋ በ11ኛው ቀን እህል የሚባል አይበላም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባም። በጾም ነገር ግን ተግባብተናል። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አልበላም ስላት ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ ወተቱን መተዌ ብቻ አልገባትም። ለእነርሱ ወተትና ቅቤ የጾም ምግብ ነው፤ ያውም ምርጡ።

ቡር ዱባይ በውኃው ዳር የነበረውን አሮጌ መቅደስ በቅርብ አይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የነበረ ነው ይላሉ፤ ጠባብ መተላለፊያ፣ በሁለቱም በኩል የአበባ ጉንጉንና ኮኮናት የሚሸጡ ሱቆች፣ ጫማ የሚያስቀምጡልህ ልጆች። አሁን አገልግሎቱ ጀበል አሊ ወዳለው አዲሱ መቅደስ ተዛውሯል። እርሱ በ2022 የተከፈተ ሲሆን ከአብያተ ክርስቲያናትና ከሲኮች ጸሎት ቤት ጋር ጎን ለጎን ነው። አቡዳቢ በበረሃው መንገድ ላይ የተሠራው ትልቁ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2024 ተመረቀ፤ ቦታውን የሰጠው መንግሥት ነው፤ ሰባቱ ጉልላቶች የሰባቱ ኤምሬቶች ምሳሌ ናቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ከመቅደስ ስትመለስ ጣፋጭ ታመጣልኛለች። ልብላ ወይስ አልብላ?

የጉለሌ ልጅ፦
እህቴ፣ ይህ ለንስሐ አባት ነው እንጂ ለመድረክ አይጠየቅም።

ደሴተኛዋ፦
ወለተ ሥላሴ፣ የማትበዪ ከሆነ በቀኝ እጅሽ ተቀብለሽ አመስግኚና ለሚበላ ስጪ። መሬት ላይ ወይም ቆሻሻ ውስጥ አትጣዪው እንጂ ማንም አይቀየምሽም። ሞሪሸስ ስማር የጎረቤቶቼ ሥነ ሥርዓት ይኸው ነበር።

አዋሽ ማዶ፣ ወንዙን ምን አደረጉት ላልከው መልሱ ያለው ሞሪሸስ ነው። በአፍሪካ ሂንዱዎች ትልቁ የሃይማኖት ክፍል የሆኑባት ብቸኛ አገር ናት፤ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ሂንዱ ነው። በደሴቲቱ ከፍተኛ ቦታ ላይ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ አለ፤ ዛሬ ጋንጋ ታላዎ ይሉታል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንድ ፓንዲት፣ ማለትም የሂንዱ ካህን፣ ይህ ውኃ ከጋንጅስ ጋር የተያያዘ መሆኑን በሕልም አየሁ አለና ጥቂት ሰዎችን አስከትሎ በእግሩ ወጣ። ያኔ መንገድ የለም፤ ጫካ ነው። ከዚያ በየዓመቱ እየበዙ ሄዱ። በ1972 ከእውነተኛው ጋንጅስ የተቀዳ ውኃ አምጥተው ሐይቁ ውስጥ ጨመሩና ነገሩን አተሙት።

አሁን ሺቫ ለሚሉት አምላክ በሚከበረው በማሃ ሺቫራትሪ በዓል በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከየመንደሩ በእግሩ ይነሣል። ነጭ ይለብሳሉ፤ በቀርከሃ የተሠራ፣ በወረቀት አበባና በመስታወት ያጌጠ መቅደስ መሳይ ነገር በትከሻቸው ይሸከማሉ። ወጣቶቹ በዚህ ይፎካከራሉ፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦ በላይ ሆኖ መንገድ የሚዘጋ ሁሉ ስለሚሠራ መንግሥት ከፍታውን ለመገደብ ይታገላል። በየመንገዱ ዳር ሰዎች ድንኳን ተክለው ውኃ፣ ጭማቂ፣ ሻይ ያድላሉ፤ ከሚያድሉት መሀል ሂንዱ ያልሆኑም አሉ። እግሬ ተልጦ ከጎረቤቶቼ ጋር ወጥቻለሁ። ላዩ ብርድና ጉም ነው። ሐይቁ አጠገብ 33 ሜትር የሚቆም የሺቫ ሐውልት አለ፤ በእኔ ዓይን ከሐውልቱ ይልቅ ውኃው ዳር የሚቀመጡት የጥጥ ፈትል መብራቶች ይበልጣሉ፤ ሐውልቱ ለፎቶግራፍ ነው።

አዋሽ ማዶ፦
ደሴተኛዋ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ እንግሊዝ ደግሞ ወንዙ ሶር ነው። ሌስተርሺር ውስጥ የሂንዱና የሲክ ቤተሰቦች የሟቾቻቸውን አመድ በሶር ወንዝ ላይ የሚበትኑበት ቦታ አለ።

የሌስተር ሂንዱዎች ታሪክ የሚጀምረው ከሕንድ ሳይሆን ከአፍሪካ ነው። የኡጋንዳው ገዥ ኢዲ አሚን በኦገስት 1972 እስያውያን በ90 ቀን ይውጡ ብሎ ሲያውጅ ወደ 28,000 የሚጠጉት ብሪታንያ ገቡ። የሌስተር ከተማ ምክር ቤት ኡጋንዳ ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ወደ እኛ አትምጡ የሚል ማስታወቂያ አወጣ፤ እነርሱ ግን መጡ። ዛሬ ያቺው ከተማ በዲዋሊ በዓል ቤልግሬቭ ጎዳና ላይ መብራት ሰቅላ እንግዳ ትጠራለች። ማስታወቂያው እንኳን ሊያስቀር፣ የከተማዋን ስም ላልሰማው ሁሉ አሰማ ይባላል።

የኒስደኖቹም ቢሆኑ የመጀመሪያው መቅደሳቸው እዚሁ ለንደን፣ ኢዝሊንግተን ውስጥ የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በ1970 ገብተውበት ተገለገሉበት። እምነበረዱ ከ25 ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ኒውካስል ውስጥም አስከሬኔ በሥርዓቱ በእንጨት እሳት ይቃጠል ያሉ አንድ ሽማግሌ ከከተማው አስተዳደር ጋር ተካስሰው በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ግድግዳ ያለው፣ ጣሪያው ግን ለሰማይ ክፍት የሆነ ሕንፃ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ሕጉ አይከለክልም ተባለ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ፦
የአሜሪካው መንገድ ከሁሉም ይለያል። እዚህ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1965 የስደተኞች ሕግ ሲለወጥ የተቀበሏቸው ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን ናቸው። ገንዘብ አላቸው፤ የጎደላቸው ቁጥር ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ታሚል ተናጋሪው 30 ቤተሰብ፣ ቴሉጉ ተናጋሪው 40፣ ጉጃራቲ ተናጋሪው 20 ቢሆን ለየራሱ መቅደስ ማቆም አይችልም። ስለዚህ ሕንድ ውስጥ በአንድ ግቢ የማታገኛቸው አማልክት እዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ከእኛ ብዙም በማይርቀው ላንሃም፣ ሜሪላንድ ያለው መቅደስ ስሙ ራሱ የሺቫና የቪሽኑ ነው። የሁለቱ ተከታዮች በደቡብ ሕንድ ለብዙ ዘመን ሲከራከሩ የኖሩ ናቸው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን አንድ የመኪና ማቆሚያ ይጋራሉ።

በሌላ ቀን ብትሄዱ ጭር ያለ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ጫማ ማስቀመጫው ይሞላል። ሥርዓቱ ከጨረቃ አቆጣጠር ጋር ቢሄድም በዓሉ ማክሰኞ ከዋለ ትልቁ ድግስ ወደ ቅዳሜ ይገፋል፤ መሥሪያ ቤት ለጨረቃ ፈቃድ አይሰጥም። ምድር ቤት ያለው መመገቢያ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ዶሳ የሚሉት የሩዝና የምስር ስስ ቂጣ፣ ሳምባር ከሚሉት የምስር ወጥና ከኮኮናት ማባያ ጋር። ለጸሎት ያልመጣ ለዶሳው ይመጣል፤ እኔ ከእነርሱ ወገን ነኝ፤ ለጾም ምግብ ሁነኛ ቦታ ስለሆነ ለወገኖቼ እመክራለሁ። በቅቤ ወይም ያለ ቅቤ ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው።

የጉለሌ ልጅ፦
ሁላችሁም ድንጋዩንና ዶሳውን አደነቃችሁ። የዘር መደቡስ? አዋሽ ማዶ መጀመሪያ ጠይቆ ነበር፤ ማንም አልመለሰም። ኒው ጀርሲ ሮቢንስቪል ውስጥ ያለው ግዙፍ መቅደስ ገና ሲሠራ፣ በ2021፣ ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች በሰዓት አንድ ዶላር ከጥቂት ሳንቲም እየተከፈለን ለረጅም ሰዓት ሠራን ብለው ከሰሱ፤ ከከሳሾቹ ብዙዎቹ ከዝቅተኛው መደብ ናቸው ተብሏል። አሠሪዎቹ ክሱን አስተባብለዋል፤ ሥራው የፈቃድ አገልግሎት ነው ብለዋል። መቅደሱም በ2023 ተከፈተ። በዚያው ዓመት የሲያትል ከተማ በመደብ ማግለልን በሕግ ከለከለች፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ተመሳሳይ ሕግ ግን ገዢው ውድቅ አደረጉት። መደብ ባሕር ካልተሻገረ ለምን ሕግ አስፈለገ?

መርከበኛው፦
የጉለሌ ልጅ፣ እውነት አለህ፤ ግን የትኛው መርከብ እንደሆነ ለይ። በአውሮፕላን የመጣው መደቡን ከነዲፕሎማው ይዞ መጣ። ወገኑ በስልክ ቅርብ ነው፤ ለጋብቻ ሲታሰብ ይጠየቃል፣ ይጠራል። በሸንኮራ መርከብ የሄደው ያንን ሁሉ ካጣ ትውልዶች አለፉ። ጉያናና ትሪኒዳድ ውስጥ ብራህማንነት ለክህነት ካልሆነ በቀር እምብዛም አይነሣም፤ እርሱም ቢሆን ብዙ ያከራክራል። አገልግሎታቸው ራሱ ተለውጧል፤ እሁድ ጠዋት ይሰበሰባሉ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይዘምራሉ፣ ስብከት ይሰማሉ። በ1952 የተመሠረተው የሂንዱዎች ማኅበር ትሪኒዳድ ውስጥ ከመቅደስ ይልቅ ትምህርት ቤት ለመሥራት ነው የተጣደፈው፤ ልጆቻቸው ፊደል የሚቆጥሩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለነበር።

የእነርሱ ምልክት ጉልላት አይደለም፤ ባንዲራ ነው። በቤት ጸሎት ሲደረግ ባለቀለም ጨርቅ በረጅም ቀርከሃ ላይ ታስሮ ግቢ ውስጥ ይተከላል፤ ቀዩ ሃኑማን የሚሉት አምላክ ነው። አሮጌው ሳይነቀል አዲሱ ይጨመራል፤ ፀሐይ ያነጣው፣ ዝናብ ያበጣጠሰው አብሮ ይቆማል። ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ፣ ሪችመንድ ሂል ብትሄዱ ይኸው ቀርከሃ በእንጨት ቤቶች ፊት ቆሞ ታያላችሁ። ከጉያናና ከትሪኒዳድ ሁለተኛ ጊዜ የተሰደዱት ናቸው። ከእነርሱ ብዙም ሳይርቅ ፍለሺንግ ውስጥ ከሕንድ በቀጥታ የመጡት በ1977 ያቆሙት የጋኔሽ መቅደስ አለ። አንድ ሃይማኖት ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቤት ግን እንግዳ ነው።

ወንዝም አላቸው፤ ጃማይካ ቤይ። በኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የባሕር ሰርጥ ጋንጅስ ሆኖላቸው አበባ፣ ፍራፍሬ፣ ኮኮናት፣ ሳሪ፣ የሸክላ ምስል ይጥሉበታል። ቦታው የብሔራዊ ፓርክ ክልል ነው፤ ማዕበሉ መልሶ ዳር ሲያወጣው ጠባቂዎቹ ቆሻሻ ነው ይላሉ፣ አምላኪዎቹ መሥዋዕት ነው ይላሉ። ብዙ ክርክር ሆነ። አሁን ከማኅበረሰቡ ወጣቶች ተደራጅተው ዳርቻውን ያጸዳሉ፤ አንዳንድ ፓንዲቶችም ሥርዓቱን ከፈጸማችሁ በኋላ ያመጣችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ ብለው ማስተማር ጀምረዋል።

ወለተ ሥላሴ፦
ከጻፋችሁት አንድ ነገር ገረመኝ። እዚህ ዱባይ ባሕሩ ከደጃችን ነው፤ ግን የማውቃቸው ሰዎች ወንዛቸው አላደረጉትም። የእመቤቴ አባት እዚሁ አርፈው አስከሬናቸው ጀበል አሊ ተቃጠለ፤ አመዱን ግን ወንድሟ ሕንድ፣ ጋንጅስ ዳር እስካለችው ሃሪድዋር ድረስ ይዞ ሄደ። ለምን እዚህ አትበትኑትም ብዬ ብጠይቃት፣ "እኛ እዚህ በመኖሪያ ፈቃድ ነው ያለነው" አለችኝ። እርሷ ዱባይ ነው የተወለደችው። ጡረታ ሲወጡ የሚገቡበት ቤት ኬራላ እየተሠራ ነው፤ የቧንቧውን ዓይነት በስልክ ሲመርጡ እሰማለሁ። አመዱ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው፤ የሞት ምስክር ወረቀትና የተቃጠለበት ቦታ ደብዳቤ ይጠየቃል። የወረቀቱን ጉዳይ ለመጨረስ ከጸሎቱ የበለጠ ጊዜ ወስዶባቸዋል።